ደብዳቤው መጣ፤ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ፍራንኮ አካባቢ። ከእህቶቼ ጋር የድሮ እንግሊዝ ባለርስቶችን ኑሮ የሚያሳይ ተከታታይ ፊልም ይዘናል። ሁሌ ደብዳቤ ነው! ደብዳቤ ሲመጣ የምትቀበለዋ ሴትዮ ቦርሳዋን ከፍታ ትከፍላለች። ከዚያ ቁርስ ላይ ለቤተሰቡ ጮክ ብላ ታነባለች። ጽሑፉ ደግሞ አግድምም ቁልቁልም ተደራርቦ እንደ መረብ ሆኗል። እንዲህ ነበር ወይስ የፊልም ማሳመሪያ ነው?

መልስ፦ ነበር እህቴ። ፊልማችሁ የሚያሳየው ጆርጅ የሚባሉ አራት የእንግሊዝ ነገሥታት ከ1714 እስከ 1830 ተከታትለው የነገሡበትን ዘመን ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ያኔ የደብዳቤን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ላኪው ቀድሞ መክፈል ይችላል፣ ልማዱ ግን አልነበረም። ካርድ ሲያልቅብን “ደውልልኝ” ብለን የምንልከውን መልእክት አስቢው፤ ወጪው እዚያኛው ሰው ላይ ነው።

ዋጋው የሚወጣው በርቀትና በወረቀት ብዛት ነው። በ1812ቱ ታሪፍ እስከ 15 ማይል፣ ማለትም 24 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለአንድ ወረቀት 4 ፔንስ (አንዱ ፔኒ ይባላል፣ የእንግሊዝ ሳንቲም ነው) ይከፈላል። ከአዳማ አዲስ አበባ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚያ ሂሳብ 8 ፔንስ ይመጣል። ሁለት ወረቀት ከላክሽ 16። ማሸጊያ ፖስታ ብትጨምሪ እሱም እንደ አንድ ወረቀት ስለሚቆጠር ዋጋው ያድጋል። ስለዚህ ፖስታ የሚባለውን ነገር ተዉት።

ምን አደረጉ? አንድ ትልቅ ወረቀት ለሁለት ያጥፉና አራት ገጽ ያወጣሉ። ሦስቱን ሙሉ ይጽፉበታል። በአራተኛው ላይ መሐሉን ለአድራሻ ይተዉና ከላይና ከታች፣ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ይሞሉታል። ከዚያ አጣጥፈው በሰም ወይም ከዱቄት በተሠራች ቀጭን ማጣበቂያ ያሽጉታል። ቤቱ ሐዘን ላይ ከሆነ ሰሙ ጥቁር ነው፣ ተቀባዩ ገና ሳይከፍተው ክፉ ወሬ እንዳለ ይገባዋል። ወሬው አላልቅ ካለ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ጎን ያዞሩትና በተጻፈው ላይ አቋርጠው እንደገና ይጽፋሉ። ያየሽው መረብ እሱ ነው። ለማንበብ ዓይን ያወጣል፣ ግን ለዘመድ ሁለት እጥፍ ከማስከፈል ይሻላል ብለው ነው።

ነፃ መንገድም ነበር። የፓርላማ አባላትና ሎርዶች ሽፋኑ ላይ ከፈረሙ ደብዳቤው ያለ ክፍያ ይሄዳል። ታዲያ የፓርላማ አባል ዘመድ ያለው ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ያው እኛም የምናደርገውን። ባዶ ወረቀት ቀድሞ ማስፈረም የተለመደ ነገር ሆነ። በ1784 መንግሥት መረረውና ፈራሚው የተቀባዩን ሙሉ አድራሻና ቀኑን በገዛ እጁ እንዲጽፍ አዘዘ። መብቱ ራሱ የቀረው ግን በ1840 ነው፤ በዚያው ዓመት ቀላል ደብዳቤ ርቀቱ ምንም ቢሆን ቀድሞ በሚከፈል 1 ፔኒ መላክ ጀመረ።

ፍጥነቱም በዚያው 1784 ነው የተለወጠው። ከዚያ በፊት ፖስታውን በፈረስ የሚያደርሱ ልጆች ነበሩ፣ ዘራፊም አይጠፋም። ጆን ፓልመር የሚባል ሰው የታጠቀ ጠባቂ ያለው የፖስታ ሠረገላ አስጀመረ፤ የመጀመሪያው ከብሪስቶል ለንደን በ16 ሰዓት ገባ።

ጮክ ብሎ ማንበቡስ? ተቀባይዋ ከፍላበታለች፣ ወሬው የቤቱ ሁሉ ነው። ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ የጨርቅ ዋጋ፣ ስለ ሠራተኛ ስሞታ። አንብበው ሲጨርሱ ለሌላ ዘመድ ማስተላለፍም ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ሲጻጻፉ ልባቸውን ሁሉ የዘረገፉ እንዳይመስልሽ። ጻፊዋ አክስትና አጎት እንደሚሰሟት እያወቀች ነው የምትጽፈው። የምስጢር ነገር ካላት ለይታ፣ ለብቻ እንዲነበብ አድርጋ ታስቀምጣለች።

ጥያቄ፦ ልጆች ለአባታቸው ሲጽፉ እንደኛ አንቱታ ነበራቸው?

መልስ፦ በሰላምታው ነበራቸው። በተለይ በዘመኑ መጀመሪያ ልጅ ለአባቱ “የተከበሩ ጌታዬ” ብሎ ይጀምርና “ታዛዥ ልጅዎ” ብሎ ይፈርማል። እያደር ላላ። እኛ “ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ፣ እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ” እያልን ግማሽ ገጽ ስንጨርስ የነበርነውን ሳስብ እነሱን ለመተቸት አፍ የለኝም። ወረቀት ውድ ቢሆንብን እኛም እናሳጥረው ነበር።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከድሬዳዋ ናዝሬት ለእናቴ የጻፏቸው ደብዳቤዎች በሻንጣ ሞልተው ቀርተዋል። ታናሽ እህቴ “የሙት ገመና ነው፣ እናቃጥለው” ትላለች። እኔ አልዋጥ አለኝ። እነዚያ እንግሊዞች ምን ያደርጉ ነበር?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱንም አድርገዋል። ደራሲዋ ጄን ኦስተን በ1817 ስትሞት እህቷ ካሳንድራ የተጻጻፉትን ይዛ ቀረች። ወደ ዕድሜዋ መጨረሻ አብዛኛውን አቃጠለች፣ ከቀረውም አንዳንዱን በመቀስ ቆረጠች። ዛሬ የጄን ደብዳቤዎች ወደ 160 ገደማ ብቻ ናቸው። ሌላም ነገር አለ። እህትማማቾቹ የሚጻጻፉት ሲለያዩ ነው፣ አንዷ ኬንት ወንድማቸው ቤት ስትሄድ ለምሳሌ። አንድ ቤት ሲሆኑ ወረቀቱ ዝም ይላል። የእርስዎም ሻንጣ ውስጥ ያሉት አባትዎ ሩቅ የነበሩባቸው ወራት ናቸው፤ ቤት የነበሩበትን ደስታ እዚያ ቢፈልጉ አያገኙትም። እህትዎ ሲያነቡ ያዩት ትካዜ ብቻ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ይሆናል፣ ይህን ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።

በሌላ በኩል የእህትዎ ፍርሃት ከመሬት የመጣ አይደለም። ሎርድ ቼስተርፊልድ የሚባል የእንግሊዝ ባለሥልጣን ከጋብቻ ውጭ ለወለደው ልጁ ለዓመታት ምክር ጽፏል። ልጁ በ1768 ሞተ፣ አባት በ1773 ተከተለ። በማግስቱ ዓመት የልጁ ሚስት ደብዳቤዎቹን ሸጣ አሳተመቻቸው። አገሩ ሁሉ የአባትና የልጅን ወሬ አነበበ።

እኔን ከጠየቁኝ አያቃጥሉ። ከእህትዎ ጋር ቁጭ ብለው ለዩት። በሕይወት ያለ ሰው የሚነካውን እሳቸው በፖስታ አሽገው ይያዙት፣ መቼ እንደሚከፈትም አብራችሁ ወስኑ። የቀረውን ከሻንጣው አውጥተው አይጥና እርጥበት ከማይደርስበት፣ ከቆርቆሮው ሙቀትም ራቅ ካለ ቦታ በካርቶን ያኑሩት። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፣ እያደር ወረቀቱን ያቢጫል። አንዱን የልጅ ልጅ ይጥሩና ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ያንሳው፤ ጀርባውንም እንዳይረሳ፣ ቀኑና ማኅተሙ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።