ስልኬን ብዘጋው እፈራለሁ፣ ባልዘጋው ሥራዬ አያልቅም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ አንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አሁን ወቅቱ ስለሆነ እሸቱም ጀንፈሉም (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ባንዴ ይገባል። ጠዋት ቢሮ ስደርስ ትናንት የተመዘነው ቡና ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ይጠብቀኛል። እሱን ኤክሴል ላይ አስገብቼ ከክፍያው ጋር ማስታረቅ ነው ሥራዬ። ስልኬ ግን አላሠራ አለኝ። የመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ የቤተሰብ አለ፣ የእድር አለ፣ አብረውኝ የተማሩት ደግሞ ሌላ አላቸው። ባለፈው ሳምንት 17 ፈረሱላ የሚለውን 71 ብዬ አስገብቼ ስህተቱን ስፈልግ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢሮ አመሸሁ። ትኩረት ይጨምራሉ የተባሉ 4 አፖች አውርጄ ነበር፣ ሳምንት ሳይሞላ አጠፋኋቸው። ስልኩን እንዳልዘጋው እናቴ አጋሮ ናት፣ ሕመምተኛ ናት፣ ድንገት ቢደወልልኝስ እላለሁ። የትኛውን አፕ ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የእናትሽን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ ነው ያለፍሽው፤ እኔ ግን የጉዳዩ ሥር እዚያ ጋ ያለ ይመስለኛል።

ለምን መሰለሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጽሑፍ ልጨርስ ብዬ ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ከሰዓት ስከፍተው አክስቴ ታማ ሆስፒታል ገብታለች፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሲደውልልኝ ነው የዋለው። አክስቴ ተመስገን ድናለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለወራት ስልኬን ከአጠገቤ ማራቅ አቃተኝ። በየ5 ደቂቃው አነሳዋለሁ። ማንም አለመደወሉን አይቼ ብመልሰው ጥሩ ነበር፣ ግን አልመልሰውም፤ ቴሌግራም እከፍታለሁ፣ ከቴሌግራም ወደ ቲክቶክ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓቱ የት እንደገባ አላውቅም። የጀመረኝ ፍርሃት ነው፣ ያስቀረኝ ደግሞ ወሬው። የአንቺም ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ስለዚህ ሌላ አፕ አንጨምር። አስቀድመን እናትሽ በማንኛውም ሰዓት እንደምታገኝሽ እርግጠኛ እንሁን፣ የቀረው ቀላል ነው።

ስልክሽ ላይ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚባል ነገር አለ። አብዛኛው ሰው ሁሉንም ነገር ጸጥ የሚያደርግ ስለሚመስለው አይነካውም። ግን ከጸጥታው ነጻ የምታደርጊያቸውን ሰዎች መምረጥ ይቻላል። አንድሮይድ ከሆነ የእናትሽን ስም ኮንታክት ውስጥ ክፈቺና ኮከቧን ንኪያት። እናትሽ ጋ ያለችውን ጎረቤት ወይም ዘመድም እንደዚሁ፣ አለቃሽንም ጨምሪ። ከዚያ ሰቲንግ ውስጥ ገብተሽ «ኮከብ ያላቸው ብቻ ይደውሉ» የሚለውን ምረጪ፤ እንደ ስልኩ ዓይነት አጠራሩ ትንሽ ይለያያል። እዚያው አካባቢ ደጋግሞ ለሚደውል ሰው የሚፈቅድ ምርጫ ታገኛለሽ። አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ስልኩ ይጮኻል ማለት ነው። ይሄ ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለኝ፣ ክፉ ነገር ሲመጣ አንዴ ደውሎ የሚተው ዘመድ የለማ። አይፎን ላይም አለ፣ ሁለተኛው ጥሪ በ3 ደቂቃ ውስጥ መሆን አለበት እንጂ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ይሄ በተለመደው የስልክ መስመር ለሚደወል ነው። እናትሽ ወይም እዚያ ያሉት በኢሞ ወይም በቴሌግራም የመደወል ልማድ ካላቸው፣ «ቸኩላችሁ ስትፈልጉኝ በቀጥታ መስመር ደውሉ» በያቸው።

ከዚያ ሞክሪው። በአንድ ጆሮ ሰምተሽ እንዳታልፊው። ስልኩን ጸጥታ ላይ አድርጊና እናትሽ ይደውሉ፣ ይጩኽ። ቀጥሎ ከሥራ ባልደረቦችሽ አንዷ ትደውል፣ አይጩኽ። ይሄን በዓይንሽ ካላየሽ ልብሽ አያርፍም፣ ልብሽ ካላረፈ ደግሞ እጅሽ ተመልሶ ስልኩ ላይ ነው። እኔ ራሴ ወንድሜን ሦስቴ አስደውዬው ነው ያመንኩት።

አሁን ወደ ቴሌግራም። የመሥሪያ ቤቱን ግሩፕ ጨምሮ ሁሉንም ሚዩት አድርጊ፣ «ለዘላለም» የሚለውን መርጠሽ። ከዚያ አርካይቭ ውስጥ ክተቻቸው። ሚዩት የተደረገ ግሩፕ አርካይቭ ውስጥ ከገባ አዲስ መልእክት ሲመጣ ተመልሶ ላይ አይወጣም፣ አንቺ ፈልገሽ እስክትከፍቺው እዚያው ይቀመጣል። የእድሩ ግሩፕ ያሳስብሽ ይሆናል። መርዶ ግን ሰው ደውሎ ይነግርሻል፤ ግሩፑ ላይ የሚበዛው ከዚያ በኋላ የሚከተለው «ነፍስ ይማር» ነው፣ እሱን ምሳ ሰዓት ላይ ብታይው ማንም አይቀየምሽም።

አለቃሽን ግን ሳትነግሪ እንዳታደርጊው። ጠዋት ገብተሽ «ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ደረሰኝ ነው የማስገባው፣ ግሩፕ አላይም፣ የሚያስቸኩል ነገር ካለ ይደውሉልኝ» ብትያቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ሒሳቡ ቶሎ ቢታረቅ የሚጠቀሙት እሳቸው ናቸው። ያ 71 ፈረሱላ ሳይታይ ተከፍሎበት ቢሆን ኖሮ የ54 ፈረሱላ ዋጋ ነበር የሚሄደው። ፈረሱላው 17 ኪሎ ስለሆነ 918 ኪሎ ያልመጣ ቡና ማለት ነው።

ስለ ስህተቱ ራሱ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም አዝኜልሻለሁ። ሶፊ ሌሮይ የምትባል ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ሰው አንድ ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሲዞር የሐሳቡ ከፊል የመጀመሪያው ሥራ ላይ እንደሚቀር አሳይታለች። አንቺም 17 የሚለውን ስታነቢ ዓይንሽ ደረሰኙ ላይ ነበር፣ ሐሳብሽ ግን ግሩፑ ላይ ቀርቷል። ስልኩን ዘግተሽ ወደ ኤክሴሉ ብትመለሺም ወዲያው ሙሉ በሙሉ አትመለሺም።

እንዲህ ዓይነቱን የተገለበጠ ቁጥር ለመያዝ ደግሞ የቆየ የሒሳብ ሠራተኞች ዘዴ አለ፣ ምናልባት ታውቂው ይሆናል። ድምሩ አልታረቅ ሲል ልዩነቱን ለ9 አካፍይው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የተገለባበጠ ቁጥር ፈልጊ። ከ71 ላይ 17 ሲቀነስ 54፣ 54 ለ9 ሲካፈል 6። ይሄን ብታስታውሺ ኖሮ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባልቆየሽ። ኤክሴል ራሱ «ዳታ ቫሊዴሽን» የሚባል ነገር አለው። አንድ ሰው ባንዴ ከዚህ በላይ አያስመዝንም የምትዪውን ልክ ከሰጠሽው፣ ከዚያ የበለጠ ቁጥር ስትጽፊ አልቀበልም ይልሻል። ለማስተካከል 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ታይመር ልጠቀም ካልሽ የስልኩ ሰዓት ይበቃል። 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፉን ዘዴ ያመጣው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተማሪ እያለ፣ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት። ፖሞዶሮ የተባለውም በዚያ ነው፣ ቲማቲም ማለት ነው በጣሊያንኛ። ለአንቺ ሥራ ግን እኔ ብሆን በደቂቃ ፋንታ በደረሰኝ እቆጥራለሁ። 20 ደረሰኝ ቁጠሪና ለብቻ አስቀምጪ፣ እሱ ሳያልቅ አትነሺ፣ ሲያልቅ ድምሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያይ። ከዚያ ተነሺ፣ ቡናሽን ጠጪ። ሰዓቱ መሐል ላይ ጮኾ 13ኛው ደረሰኝ ላይ ቢያስቆምሽ ስትመለሺ የቱ ጋ እንደነበርሽ ስትፈልጊ ነው የምትውይው።

መብራት ሲሄድስ? ስልክ የሚነሳው ያኔ ነው። ለዚያ ሰዓት የሚሆን የወረቀት ሥራ አስቀምጪ፤ ደረሰኞቹን በቀንና በአስመዛኝ ስም መደርደር ኮምፒውተር አይፈልግም። መብራቱ ሲመጣ የተደረደረውን ማስገባት ብቻ ይቀርሻል።

ቲክቶኩ አሁንም ካስቸገረሽ አንድሮይድ ላይ «ዲጂታል ዌልቢንግ» ውስጥ በቀን 20 ደቂቃ ብለሽ ወስኚለት። ደቂቃው ሲያልቅ አፑ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘጋል። ከፈለግሽ ገብተሽ መክፈት ትችያለሽ፣ ግን መሐል ላይ ያለችው ያቺ ትንሽ ልፋት እጅሽን ታስቆመዋለች። ለእናትሽ ምሕረቱን ያውርድላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ እዚሁ ጅማ፣ ከሄርማታ መርካቶ ነኝ። ነገሮችን ስለምረሳ ስልኬ እንዲያስታውሰኝ ብዬ የ3 ሰዓት ቀጠሮ መዘገብኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጮኾ ቤቱን በሙሉ ቀሰቀሰው፣ ጠዋት ደግሞ ቀጠሮው አለፈኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከእኛ ጋር የ6 ሰዓት ልዩነት አለው። ሰቲንግ ውስጥ ገብተህ ሰዓቱን ወደ 24 ቀይረው፣ ያኔ ኤኤምና ፒኤም ብሎ ማምታታቱ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በቀን ሰዓታችን ላይ 6 ደምርበት። የጠዋቱ 3 ሰዓት 09:00 ነው፣ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ደግሞ 14:00። ማስታወሻው ላይ በቃል «ጠዋት በ3፣ ከነጋዴዎቹ ጋር» ብለህ ጻፍ፣ ስህተት ቢኖር ገና ስትመዘግበው ዓይንህ ይይዘዋል።

አዲስ አፕም አያስፈልግህም። ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ክፈት፣ የምትረሳውን ነገር ጻፍ፣ መላኪያዋን ምልክት ተጭነህ ቆይ። አስታውሰኝ የሚል ምርጫ ይመጣልሃል፣ ቀንና ሰዓት ሙላለት። ሰዓቱን የቀጠሮው ልክ ላይ አታድርገው፣ ከመርካቶ ተነስተህ ባጃጅ እስክታገኝ የሚፈጀውን ቀንስለት።