የሰርጉን ወሬ ሳይጨርሱ

በቀደም አንዲት ወጣት ሐኪም «ዶክተር፣ ታካሚው ግፊቱ ደህና ከሆነ፣ ቁጭ ብሎ የሚያወራም ከሆነ፣ ቪቲ ሊሆን አይችልም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቪቲ ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳ አደገኛ ፈጣን ምት ነው። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። በእሷ ዕድሜ እኔም እንደዚያ አምን ነበር።

ሌሊት ነው። 60 ዓመት ያለፋቸው ሰው መጡ። ልባቸው በደቂቃ 170 ጊዜ ይመታል። እሳቸው ግን አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ስለ ልጃቸው ሰርግ ያጫውቱኛል። ግፊታቸው 110 በ70። የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት በሚስለው ኢሲጂ ላይ፣ የታችኛው የልብ ክፍል ምት የሚታይበት ኪውአርኤስ የወረቀቱን አራት ትንንሽ ካሬ ይሞላል፤ 160 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ከሦስት ካሬ ካለፈ ሰፊ እንደሚባል አውቃለሁ። ሰፊና ፈጣን ምት ሲገጥም ቪቲ መጀመሪያ መጠርጠር እንዳለበትም ተምሬያለሁ። ግን ሰውየው ይስቃሉ! «ከላይ የመጣ ነው፤ አንዱ የማስተላለፊያ ቅርንጫፍ ስለተዘጋ ነው የሰፋው» አልኩና ከላይ የሚመጣን ፈጣን ምት የሚያበርደውን ቬራፓሚል በደም ሥር ሰጠኋቸው።

ወሬያቸው መሃል ላይ ተቋረጠ። ግፊታቸው አልለካ አለ። በኤሌክትሪክ ሾክ ልባቸውን መለስነው፤ ተረፉ። በማግስቱ እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። የወደቁት እኔ በሰጠሁት መድኃኒት መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ቪቲ መሆኑን የሚያሳየው ሁሉ እዚያው ነበር። የላይኛውን የልብ ክፍል ምት የሚያሳዩት ትንንሾቹ ፒ ሞገዶች ከኪውአርኤሱ ጋር ሳይገናኙ በራሳቸው ፍጥነት ይሄዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጠባብ ምት ሹልክ ብላ ገብታለች፤ ከላይ የመጣው ትእዛዝ ለአንዲት አፍታ አሸንፎ ማለፉ ነው። ካርዳቸው ላይም ከሁለት ዓመት በፊት ሀርት አታክ እንደነበራቸው ተጽፏል። ይህ ታሪክ ብቻውን ወደ ቪቲ ሊመራኝ ይገባ ነበር። አላነበብኩትም።

ያስተማሩኝ ሐኪም ባለ ሁለት እግሩ መለኪያ ኮምፓስ ከኪሳቸው አይለይም ነበር። አንዱን ጫፍ ፒ ላይ ተክለው ቀጣዩን ሲፈልጉ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዛሬ ልጆቹ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ከላይ ማሽኑ የጻፈውን አንብበው ነው የሚጠይቁኝ። ይህ ያናድደኛል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ የልብ ሐኪሞቹ እነ ብሩጋዳ ቪቲን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡትን ባለ አራት ደረጃ ዘዴ ከእኔ በላይ አሳምረው ያውቁታል።

ወረቀቱን በጥሞና አንብቡ እላለሁ። ሰውየው እየወደቀ ከሆነ ግን ወረቀቱን ጣሉት፤ ሾኩ ይቅደም። ካልለየላችሁ ቪቲ ነው ብላችሁ ያዙት፤ ቬራፓሚል አትንኩ።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «ሰርጉ ላይ ደረሱ?» አለችኝ። አላውቅም። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ማየት ስለከበደኝ አልጠየቅኳቸውም።