ጊት ዊንዶውስ ላይ ተበላሽቶ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። በጊት (የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም) ሪፖዚተሪ፣ ማለትም የፕሮጀክት ማኅደር ውስጥ የትኞቹ ፋይሎች እንደተቀየሩ የሚያሳይ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። እኔ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ሳስኬደው ቴስቱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ኮድ፣ በሙሉ ያልፋል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ዊንዶውስ ላይ ሲሞክረው ግን ሦስቱ ይወድቃሉ። «ሶርስ\ሜይን» ሲጠበቅ «ሶርስ/ሜይን» መጣ ይላል። ልጁ «\ን ሁሉ በ/ ቀይረውና እንገላገል» አለኝ። ልቀይረው? ሌላም አለ፤ «ውል» ብዬ በአማርኛ የሰየምኳት ፋይል በሁለታችንም ኮምፒውተር የቁጥር መዓት ሆና ትመጣለች። (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጊትህ ደህና ነው። የተሳሳተው ቴስትህ ነው።

ጊት የፋይል አድራሻ የሚመዘግበው በ/ ነው፤ ዊንዶውስ ላይም ቢሆን። አንተ ግን የሚጠበቀውን መልስ አድራሻ በሚገጣጥመው የፓይተን ትእዛዝ በ«ኦኤስ ፓዝ ጆይን» የሠራኸው ይመስለኛል። እሱ እንደ አገሩ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ / ይሰጥሃል፣ ዊንዶውስ ላይ \። ኡቡንቱ ላይ የገጠመልህ በአጋጣሚ ነው። ቴስቱ ውስጥ የምትጠብቀውን አድራሻ በእጅህ በ/ ጻፈው፣ ወይም በፓዝሊብ (የፓይተን የአድራሻ ላይብረሪ) «አዝ ፖዚክስ» በ/ አውጣው። ፋይሉን ከዲስክ ልትከፍት ስትል ብቻ ወደ ፓዝሊብ «ፓዝ» ቀይረው።

የጓደኛህን ምክር ግን ተወው። እኔም አንድ ጊዜ እሱኑ አድርጌ ግማሽ ቀን በልቶብኛል። ያቺ «ውል» በጊት ስትወጣ እንዲህ ናት፦

"\341\213\215\341\210\215"

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች «ው» ናቸው፣ ቀጣዮቹ ሦስት «ል»። ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ደንብ) እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ ጊት ደግሞ ካልነገርከው በቀር ከአስኪ (ከመሠረታዊው የእንግሊዝኛ ፊደላት ኮድ) ውጭ ያለውን ባይት ሁሉ በቁጥር ነው የሚያሳየው። እዚህ ላይ \ን በ/ ስትለውጥ ምን እንደሚሆን አስበው፦ /341/213/215/341/210/215። አንዲት ሚስኪን ፋይል ስድስት ደረጃ ያለው የፎልደር መንገድ ሆና ቁጭ! እኔ እነዚያን ፎልደሮች ማን እንደፈጠራቸው ስፈልግ ነበር። በዚያ ላይ ሊኑክስ ውስጥ \ ራሱ በፋይል ስም ውስጥ መግባት ይችላል።

ለዓይንህ ብቻ ከሆነ «ኮር ኮት-ፓዝ» የተባለውን የጊት ቅንብር ፎልስ አድርገው፣ «ውል» ተብላ ትወጣለች። ለፕሮግራምህ ግን በጊት ትእዛዙ ላይ «ማይነስ ዜድ» (-z) ጨምርበት። ያኔ ጊት ስሙን ሳይነካካ፣ ያለ ጥቅስ ምልክት ይሰጥሃል፤ ከእያንዳንዱ ስም በኋላም ዜሮ ባይት ያስገባል። በእሱ ከፋፍል። ፓይተን ውስጥ ኢንኮዲንጉን (ባይቱ ወደ ፊደል የሚቀየርበትን ደንብ) ዩቲኤፍ-8 ብለህ ራስህ ጻፈው፤ ለዊንዶውስ ከተውክለት አማርኛውን በራሱ ኮድ ፔጅ (በሌላ የፊደል ሠንጠረዥ) ሊያነበው ይችላል።

ማክ የያዘ ሰው ከተቀላቀላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ማክ ላይ «/ቫር» ወደ «/ፕራይቬት/ቫር» የሚወስድ ሊንክ ነው። ቴስትህ ጊዜያዊ ፎልደር ከፈጠረ፣ ጊት የሪፖዚተሪውን ቦታ ሲጠየቅ ረጅሙን ይመልሳል፣ አንተ አጭሩን ትጠብቃለህ። ከማወዳደርህ በፊት ሁለቱንም ሊንኩን ተከትሎ እውነተኛውን አድራሻ በሚያወጣው በ«ሪል ፓዝ» አሳልፋቸው። ማክ ላይ ፈረንጆቹን የሚያስቸግራቸው ባለምልክት ፊደል ነው፤ አንዱ ፊደል በሁለት ዓይነት ኮድ ይጻፋል። «ው» ግን አንድ ኮድ ብቻ ስላላት በዚህ በኩል ተገላግለናል።

አሁንም ከወደቀብህ የስህተቱን ጽሑፍ እንዳለ ቀድተህ ላክልኝ። የስክሪን ፎቶ አደራህን አትላክ።