ሹፌር ጠፋ ወይስ ሹፌር አልቆይ አለ? ስለ አሜሪካ የትራክ ሥራ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ትራክ ነድቻለሁ፤ አሁን አዳዲስ ሹፌሮችን አሠለጥናለሁ። «ሹፌር ጠፋ እየተባለ እኛ ለምን ሥራ አጣን?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቧቸው።

ጋሼ፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ ሦስት ወሬ ነው። ልምድ የለህም እያሉ ይመልሱኛል። እውነት እጥረት አለ?

የትራክ ኩባንያዎች ማኅበር በ2021 የ80 ሺህ ሹፌር ጉድለት አለ ብሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ግን የሹፌር ገበያ ከሌላው የጉልበት ሥራ ገበያ እንደማይለይ፣ ክፍያ ሲጨምር ሰው እንደሚመጣ አሳይቷል። እኔ በጥናቱ አምናለሁ። ረጅም መንገድ በሚጭኑት ትልልቅ ካምፓኒዎች የሹፌር መልቀቅ ለብዙ ዓመታት በዓመት 90 በመቶ አካባቢ ነበር። መቶ ሹፌር ያለው ቤት በዓመት ዘጠና ያህል አዲስ ሰው ይቀጥራል ማለት ነው። በወንፊት ውሃ እየቀዱ ወንዙ ደረቀ ማለት አይቻልም።

ላንተ የምመክርህ፦ ትንንሾቹ ቤቶች የሚመልሱህ አዲስ ሹፌር ኢንሹራንስ ስለሚያስወድድባቸው ነው። አዲስ ሰው ከአሠልጣኝ ጋር የሚያስነዳ ትልቅ ካምፓኒ ግባና አንድ ዓመት ቻለው። አደጋና ቅጣት የሌለበት ዓመት ብዙ በር ይከፍትልሃል።

ገንዘቡ ጥሩ ነው ይባላል። ታዲያ ሰው ለምን ይለቃል?

ገንዘቡ የሚቆጠረው በማይል ስለሆነ ነው። ጎማው ካልዞረ አይከፈልህም። መጋዘን ደርሰህ ዶክ (ጭነት የሚጫንበትና የሚራገፍበት በር) እስኪለቀቅልህ ትጠብቃለህ። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት በልማድ በነፃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውም ለካምፓኒው ተከፍሎ አንተ ጋ ላይደርስ ይችላል። በማይል 60 ሳንቲም የሚያገኝ ሹፌር አራት ሰዓት ሲቆም፣ በሰዓት 60 ማይል ብናስብ 240 ማይል፣ ማለትም 144 ዶላር አጣ።

በዚያ ላይ ሰዓቱ አይቆምለትም። ሕጉ ሥራ ከጀመርክበት ደቂቃ አንስቶ 14 ሰዓት ይሰጥሃል፤ ከዚያ ውስጥ 11ዱን ብቻ ትነዳለህ፤ ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ አለብህ። ዶክ ላይ የባከነው ሰዓት ከ14ቱ ይቀነሳል። ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ አንድ ከግማሽ እጥፍ እንዲከፈል ያዘዘው የ1938 ሕግም ከስቴት ስቴት የሚጭን ሹፌርን ከዚያ መብት ውጭ አድርጎታል። ሳምንቱን 70 ሰዓት ብትሠራ የትርፍ ሰዓት አታገኝም።

ሰዓትህ ሲያልቅ ደግሞ ማቆሚያ የለም። ማታ ትራክ ስቶፑ ጢም ብሎ ይሞላና መውጫ መንገድ ዳር ወይም ጭር ያለ ግቢ ውስጥ ትተኛለህ። በ2009 ጄሰን ሪቨንበርግ የሚባል ሹፌር ከቀጠሮው ቀድሞ ስለደረሰ መግቢያ አጥቶ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ጋ አቁሞ ሳለ ዘራፊ ገደለው። ባለቤቱ ባደረገችው ትግል በ2012 የማቆሚያ ችግርን የሚመለከት ሕግ በስሙ ወጣ። ማቆሚያው ግን ዛሬም አይበቃም። እኔም ልጄ የተወለደች ሌሊት ያደርኩት እንደዚያ ያለ ቦታ ነው። ሰው የሚለቀው መንዳት ጠልቶ አይደለም።

ባለቤቴ «ከሳምንት ክፍያህ እየተቆረጠ ትራኩ ያንተ ይሆናል» የሚል ውል ሊፈርም ነው። ምን ትላለህ?

እህቴ፣ እንዳይፈርም ለምኚው። በዚህ ውል ጭነት የሚሰጠውም፣ የትራኩን ኪራይ የሚቆርጠውም ያው ካምፓኒ ነው። ጭነት ሲቀንስበት ዕዳው አይቀንስም። የትራኩ ክፍያ ሊያልቅ ሲል ሹፌሩ ይለቅና ትራኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመው የፌደራል ቡድን በ2025 እንዲህ ዓይነት ውል እንዲታገድ መክሯል። የራሱን ትራክ ከፈለገ ቆጥቦ፣ ከባንክ ተበድሮ፣ በስሙ ይግዛ።

አዳማ ነው ያለሁት፤ ጅቡቲ መስመር ተሳቢ እነዳለሁ። ደላላ «አሜሪካ ሹፌር ስለሌላት በሥራ ቪዛ እወስድሃለሁ» ብሎ ብር ጠየቀኝ።

ወንድሜ፣ አንዲት ብር አትስጥ። አሜሪካ በነሐሴ 2025 ለትራክ ሹፌሮች የሥራ ቪዛ መስጠት አቁማለች። ያገር ቤት መንጃ ፈቃድህም እዚህ ወደ ሲዲኤል አይቀየርም፤ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ የመጣ ሰው ከጽሑፍ ፈተናው ነው የሚጀምረው። ከየካቲት 2022 ጀምሮ ደግሞ በፌደራል መዝገብ በሰፈረ ትምህርት ቤት ሳይሠለጥኑ ለመንዳት ፈተና መቅረብ የለም። በሚሌና በአዋሽ መንገድ ላይ ያገኘኸው ልምድ ግን ትልቅ ነው፤ በሌላ መንገድ ከመጣህ ከሠልጣኞቼ ሁሉ ቀድመህ ትለምዳለህ።

መፍትሔው ምንድነው ትላለህ? ዕድሜ ቢቀንሱስ?

ከስቴት ስቴት ለመንዳት 21 መሙላት ግድ ነው። የ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ ከ18 እስከ 20 ላሉት ሙከራ ከፍቶ ነበር። እኔ ልጆቹን አልቃወምም፤ ግን በዚያው ወንፊት ማፍሰስ ነው። ሹፌሩ ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት በሰዓት ይከፈል፣ ሹፌሩን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ያስወጣው የ1938ቱ አንቀጽ ይሰረዝ። ጊዜያችን ዋጋ ካወጣ ባለ መጋዘኑ ራሱ ዶኩን ያፋጥናል። ማቆሚያ ይሠራ። ይህ ሁሉ ከቅጥር ማስታወቂያ ይቀድማል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ያግዱኛል?

ሊያግዱህ ይችላሉ። ደንቡ ድሮም ነበረ፤ ከሰኔ 25፣ 2025 ወዲህ ግን መንገድ ላይ የማይግባባ ሹፌር እዚያው ከሥራ ይታገዳል። ትራፊኩ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ ምን ጫንክ፣ ስንት ሰዓት ነዳህ ይልሃል፤ የመንገድ ምልክትም ያሳይሃል። መንገድ ላይ ስልክህ እንዲተረጉምልህ አትጠብቅ። ዕቃ ማረጋገጫ ወረቀቱን በየቀኑ ጮክ ብለህ አንብብ፣ ምልክቶቹን በእንግሊዝኛ እየጠራህ ንዳ። ቅዳሜ ከሰዓት በስልክ ከሠልጣኞቼ ጋር እለማመዳለሁ፤ ከፈለግህ መስመሩ ውስጥ አስገባሃለሁ።