ገጹ ተቆልፎ ፋይሉ ክፍት እንዳይቀር

ለጥያቄዎ የምመልሰው ለአንድ የሥልጠና ተቋም የአባላት ድረ ገጽ ስሠራና ስጠብቅ ባየሁት ላይ ተመሥርቼ ነው። እንደ ገለጹት 40 የተቀረጹ ትምህርቶች አሉዎት፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ያህል ይረዝማሉ፤ መጠናቸውም ከ2 እስከ 3 ጊጋባይት ይደርሳል። ድረ ገጽዎ በዎርድፕሬስ የተሠራ ሆኖ የሚገኘው በጋራ ሆስቲንግ (ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር በሚጋሩበት አገልግሎት) ላይ ነው፤ የሚፈልጉትም ክፍያ የፈጸሙ 200 ያህል አባላት ብቻ ትምህርቶቹን እንዲያዩ ነው። ቪዲዮዎቹን እዚያው ጭኖ ገጾቹን በአባልነት ፕለጊን (በዎርድፕሬስ ላይ በሚጨመር ፕሮግራም) መቆለፍ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም፤ እኔም ይበቃል ብዬ ጀምሬ ስለ ነበር ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎት።

ድረ ገጻችን ሥራ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ የዳታ ፍጆታው ከአባላቱ ቁጥር ጋር ሊመጣጠን አልቻለም። የሰርቨሩን ሎግ (የጥሪዎች መዝገብ) ከፍቼ ስመለከት የአንዱ ትምህርት ኤምፒ4 ፋይል በቀን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተጠርቷል፤ ጥሪዎቹም የመጡት ከእኛ ገጽ አልነበረም። በብሮውዘሬ የግል መስኮት ከፍቼ፣ ስምም የይለፍ ቃልም ሳላስገባ፣ የፋይሉን አድራሻ ለጠፍኩበት። ቪዲዮው ወዲያውኑ መጫወት ጀመረ። ያንኑ ትምህርት የያዘውን ገጽ ስከፍት ግን «እባክዎ መጀመሪያ ይግቡ» የሚለው ማሳሰቢያ በትክክል ይታይ ነበር። ገጹ ተቆልፎ ሳለ ፋይሉ ለወራት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቆይቷል።

ይህ የሆነው ፕለጊኑ ተበላሽቶ አይደለም። የአባልነት ፕለጊን የሚሠራው በዎርድፕሬስ ውስጥ ነው፤ ሰርቨሩ ግን የተጠየቀው ፋይል በፎልደሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ዎርድፕሬስን ሳያማክር በቀጥታ አንሥቶ ይሰጣል። ዎርድፕሬስ የሚጫኑለትን ፋይሎች በአፕሎድስ ፎልደር ሥር በዓመትና በወር ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት አድራሻ ያየ ሰው ቁጥሩን ብቻ እየቀየረ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ማግኘት አይከብደውም። የፋይሉን ስም ረጅምና የማይገመት ማድረግ መገመትን ይከለክላል እንጂ ማጋራትን አይከለክልም፤ አድራሻው ገብቶ ለሚያይ አባል ሁሉ በብሮውዘሩ የዴቨሎፐር መሣሪያ ውስጥ በግልጽ ይነበባልና። ጥሪው ከየትኛው ገጽ እንደ መጣ እያዩ የመከልከል ዘዴም ብዙ ጊዜ ይመከራል። ይህ መረጃ ግን ከጠሪው ወገን የሚላክ ስለ ሆነ በቀላሉ ይጭበረበራል፤ ሳይላክ የሚቀርበት ጊዜም ስላለ የከፈለውን አባል በር ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

አንዳንድ ፕለጊኖች ይህን ቀዳዳ የሚደፍኑት ፋይሉን ራሱን በፒኤችፒ (ዎርድፕሬስ በተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) በኩል በማሳለፍ ነው፤ ፒኤችፒው የአባሉን ማንነት ያረጋግጥና ቪዲዮውን እያነበበ ይልክለታል። ጥበቃው እውነተኛ ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። ቪዲዮው ወደ አባሉ በሚፈስበት ጊዜ ሁሉ አንድ የፒኤችፒ ሂደት ተይዞ ይቆያል። በጋራ ሆስቲንግ የሚሰጡት ሂደቶች ጥቂት በመሆናቸው፣ ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ማየት ሲጀምሩ የድረ ገጹ የመጀመሪያ ገጽ እንኳ አልከፈት ይላል። ከዚህም ሌላ፣ ፋይሉን በከፊል ለሚጠይቅ ጥሪ 206 በሚለው የኤችቲቲፒ ኮድ መመለስ የማይችል ከሆነ አባሉ ወደ መሃል መዝለል ይቸግረዋል፤ በአይፎን ላይ ያለው ሳፋሪማ መጀመሪያ የፋይሉን ሁለት ባይት ብቻ ጠይቆ ስለሚፈትን፣ ተገቢውን መልስ ካላገኘ ቪዲዮውን ጭራሹን አያጫውትም። አንዲት አባል «በኮምፒውተር ይሠራል፣ በስልኬ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል» ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋልናለች። እኔ የስልኳ ችግር መስሎኝ ነበር፤ የእኛው ሰርቨር ችግር መሆኑ የተገለጠልኝ አይፎን ተውሼ ራሴ ስሞክረው ነው።

የራስዎ ቪፒኤስ (ራስዎ የሚያስተዳድሩት፣ ለብቻዎ የተመደበ ሰርቨር) ቢኖርዎት ለዚህ ጥሩ መፍትሔ አለ፤ ፒኤችፒው አባልነቱን ብቻ አረጋግጦ የማድረሱን ሥራ ለሰርቨሩ ለራሱ ይተዋል። ኤንጂንኤክስ በተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ይህ የሚሆነው ኤክስ-አክሴል-ሪዳይሬክት በተባለው ሄደር፣ በአፓቼ ደግሞ ኤክስ-ሴንድፋይል በተባለው ሞጁል ሲሆን፣ ፋይሎቹ ከውጭ በቀጥታ ሊደረስባቸው በማይችል ፎልደር ይቀመጣሉ። አባላቱ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ በዚህ መንገድ ሠርቼ ምንም አልጎደለብኝም።

ጥበቃው ቢሳካም ክብደቱ ይቀራል። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት (8 ቢት አንድ ባይት ነው) የሚፈስ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 2.25 ጊጋባይት ይሆናል። 200 አባላት አንዱን ትምህርት አንድ ጊዜ ብቻ ቢያዩት 450 ጊጋባይት ነው፤ 40ውንም ቢጨርሱ 18 ቴራባይት ይደርሳል። ከጠቅላላ ድምሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት መምጣቱ ነው፤ አዲስ ትምህርት በሚወጣበት ምሽት 200ውም አንድ ላይ ቢከፍቱት በሴኮንድ 1,000 ሜጋቢት ያስፈልጋል፤ ይህም የአንድ ሙሉ 1 ጊጋቢት መስመር አቅም ነው።

«ያልተገደበ» የሚለው የሆስቲንግ ማስታወቂያ ይህን ይሸከማል ብለው እንዳይተማመኑ። የውሉን ዝርዝር ሲያነቡ አገልግሎቱ ለቪዲዮ ማከማቻነት እንዳይውል የሚከለክል፣ ወይም «ተገቢ አጠቃቀም» በሚል የሚገድብ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እኔ ይህን ሳላነብ ቀርቼ፣ አዲስ ተከታታይ ትምህርት በወጣ በሦስተኛው ቀን አካውንታችን ታገደ፤ ከቪዲዮዎቹ ጋር የመመዝገቢያው ገጽም፣ የክፍያ ማረጋገጫውም፣ ኢሜይላችንም አብሮ ጠፋ። ገንዘባቸውን ከፍለው ትምህርታቸውን ላጡ ሰዎች ስልክ እየደወልኩ ይቅርታ ስጠይቅ የዋልኩበትን ያን ቀን አልረሳውም፤ ቪዲዮውና ድረ ገጹ በአንድ ቤት መኖር እንደሌለባቸው የወሰንኩትም ያን ዕለት ነው።

የት ላስቀምጣቸው ከማለትዎ በፊት ግን ፋይሎቹን ማሳነስ ይቀድማል። ከካሜራ ወይም ከስክሪን መቅረጫ በቀጥታ የወጣ ፋይል ለኢንተርኔት ታስቦ የተዘጋጀ አይደለም። ነፃ በሆነው ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለ ፕሮግራም አማካይነት፣ ኤች.264 በተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት እንደገና ኢንኮድ ሲያደርጉ (ሲጨምቁ)፣ ሲአርኤፍ የሚባለው የጥራት መለኪያ በአብዛኛው ከ18 እስከ 28 ባለው ክልል ይስተካከላል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ፋይሉ ያንሳል፣ ጥራቱም ይቀንሳል፤ ምንም ካልነኩ የሚወሰደው 23 ነው። ስላይድና የሚናገር ሰው ብቻ ያለበት ትምህርት እንቅስቃሴው ጥቂት ስለ ሆነ እጅግ ይጨመቃል። ከእኛ ትምህርቶች አንዱ ከ2.6 ጊጋባይት ወደ 500 ሜጋባይት ገደማ ወርዶ፣ በስላይዱ ግርጌ ያለው ትንሹ ጽሑፍ ሙሉ ስክሪን ላይ ሳይደበዝዝ ይነበብ ነበር። በአንድ ትምህርት ላይ ይህን ሳይፈትኑ 40ውን አይጀምሩ፤ ዋናውን ቅጂም አይሰርዙ። እንዳለ በኤምፒ4 የሚያቀርቡት ከሆነ ፋስትስታርት የተባለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ አለዚያ የፋይሉ ማውጫ መጨረሻው ላይ ስለሚቀመጥ ቪዲዮው ለመጀመር ይዘገያል።

ከኤምፒ4 የሚሻለው ኤችኤልኤስ ነው። ይህ አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ያስተዋወቀው አሠራር ቪዲዮውን ብዙውን ጊዜ 6 ሴኮንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፋፍላል፤ እነዚህንም፣ ለምሳሌ፣ በ360፣ በ720 እና በ1080 ጥራት አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፤ ማጫወቻው የአባሉን የኔትወርክ ፍጥነት እየለካ ከአንዱ ጥራት ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ኔትወርኩ የደከመበት አባል ምስሉ ደብዘዝ ይልበታል እንጂ ትምህርቱ አይቋረጥበትም፤ ለትምህርት ደግሞ ድምፁ ሳይቆራረጥ መሰማቱ ከምስሉ ጥራት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሳፋሪ ኤችኤልኤስን ራሱ ያጫውታል፤ ለሌሎች ብሮውዘሮች ኤችኤልኤስ ጄኤስ የተባለውን ነፃ ላይብረሪ ገጹ ላይ መጨመር ይቻላል። ነገር ግን የፋይሎቹን ብዛት ያስቡ፤ አንድ ሰዓት 600 ቁርጥራጭ ነው፤ በሦስት ጥራት 1,800፣ በ40 ትምህርት 72,000 ፋይል ይሆናል። ብዙ የጋራ ሆስቲንጎች ከመጠኑ በተጨማሪ የፋይሎችን ቁጥር ስለሚገድቡ፣ ቦታው ሳይሞላ መጫን ሊከለከሉ ይችላሉ።

እንግዲህ የምመክርዎት ሁለቱን ሥራዎች እንዲለዩ ነው፤ ማን ይግባ የሚለውን ድረ ገጽዎ ይወስን፣ ክብደቱን ሌላ ይሸከም። ቴክኒኩን በራሱ ለመከታተል ጊዜ ለሌለው ሰው እንደ ቪሜኦ፣ ባኒ ስትሪም ወይም ክላውድፍሌር ስትሪም ያሉ አገልግሎቶች ኢንኮድ ማድረጉንም ማሰራጨቱንም ይሠሩለታል፤ ቪዲዮው በእርስዎ ድረ ገጽ ላይ ብቻ እንዲጫወት መገደብም ይቻላል። በዩቲዩብ «ያልተዘረዘረ» ብሎ ማስቀመጥ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያየዋል። ሥራውን በእጃቸው መያዝ ለሚፈልጉ ደግሞ እንደ አማዞን ኤስ3 ያለ የፋይል ማከማቻ አለ፤ እዚህ ላይ ከማስቀመጫው ዋጋ ይልቅ ዳታው ሲወጣ የሚከፈለውን ያጣሩ። ኤስ3 ለሚወጣው ዳታ ያስከፍላል፤ የክላውድፍሌሩ አር2 ለዚሁ አያስከፍልም፤ ቪዲዮ ለሚያሰራጭ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

በማከማቻው ላይ ፋይሎቹ ለሁሉም የተዘጉ ይሆናሉ። አንድ አባል ትምህርት ሲከፍት ድረ ገጽዎ አባልነቱን አይቶ፣ በሚስጥር ቁልፍ የተፈረመና ማብቂያ ሰዓት ያለው ሊንክ ያዘጋጅለታል፤ ማከማቻው ፊርማውን አመሳክሮ ሰዓቱ ካላለፈ ይሰጣል፣ ካለፈ «አይፈቀድም» በሚለው የ403 ኮድ ይመልሳል። እዚህ ላይ ያጋጠሙኝን ሦስት ወጥመዶች ይጠንቀቁ። ማብቂያውን 5 ደቂቃ አድርጌው፣ ማስታወሻ ለመያዝ ቪዲዮውን አቁመው የተመለሱ አባላት መሃል ላይ ተቋርጦባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ በቪዲዮው ርዝመት ላይ ሁለትና ሦስት ሰዓት እጨምራለሁ። በኤችኤልኤስ ደግሞ ዝርዝሩን የያዘውን ፋይል ብቻ መፈረም ቁርጥራጮቹን አያስከፍትም፤ ፎልደሩን በሙሉ የሚሸፍን የተፈረመ ኩኪ ወይም ቶክን (ከእያንዳንዱ ጥሪ ጋር የሚላክ የመግቢያ ምልክት) ያስፈልጋል። ሦስተኛውና ለማግኘት ሁለት ሌሊት የፈጀብኝ የካሽ ፕለጊኑ (ድረ ገጹን ለማፍጠን የተዘጋጁ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው) ነበር፤ ለአንድ አባል የተዘጋጀውን ገጽ ከነሊንኩ አስቀምጦ ለሌላው ስለሚሰጥ፣ አንዳንዱ ጊዜው ያለፈበት ሊንክ ይደርሰው ነበር። የአባላትን ገጾች ከካሽ ያውጧቸው፤ የሚስጥር ቁልፉም በሰርቨሩ ላይ ብቻ ይኑር፣ በጃቫስክሪፕት ውስጥ በፍጹም አይግባ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ አባል ስክሪኑን ከመቅረጽ የሚያግደው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዋይድቫይንና ፌርፕሌይ የተባሉት የዲአርኤም (ቪዲዮን በሚስጥር ቆልፈው መቅዳትን የሚከለክሉ) ሥርዓቶች ለትልልቅ የፊልም አከፋፋዮች የተሠሩ ናቸው፤ ለ200 አባላት ድካማቸው ከጥቅማቸው ያመዝናል። እኛን የጠቀመን የአባሉን ኢሜይል ቪዲዮው ላይ በደብዛዛው ማሳየትና አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ ከሁለት መሣሪያ በላይ እንዳይከፈት ማድረግ ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ቪዲዮውን ያወረደ ሳይሆን የይለፍ ቃሉን ለጓደኞቹ ያካፈለ ሰው ነበር።

ስለ መጫኑም አንድ ነገር ልጨምር። ፒኤችፒ ካልተስተካከለ በስተቀር በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ፋይል 2 ሜጋባይት ብቻ ስለ ሆነ፣ በዎርድፕሬስ የሚዲያ ገጽ በኩል ለመጫን አይድከሙ። መስመር ሲቋረጥ ካቆመበት መቀጠል የሚችል ፕሮግራም ይጠቀሙ፤ ወደ ራስዎ ሰርቨር ለመጫን አርሲንክ አንዱ ነው።

በመጨረሻም አንዱን ትምህርት ብቻ ጭነው ይፈትኑት። በአባል ስም ገብተው ቪዲዮውን ያስጀምሩ፣ አድራሻውን ከዴቨሎፐር መሣሪያው ይቅዱ፣ ከዚያም የማብቂያው ሰዓት ሲያልፍ ሳይገቡ በግል መስኮት ይለጥፉት። በአይፎንና በአንድሮይድም ወደ መሃል እየዘለሉ ይመልከቱት። ስልኮቹ ሳይቆራረጡ ካጫወቱት፣ ያ የቀዱት ሊንክም 403 ብሎ ከመለሰዎት፣ የቀሩትን 39ኙን መጫን ይጀምሩ።