የመማማር ቡድን ለምታቋቁሙ ወጣት ባልደረቦች

ይድረስ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣት መምህራን፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኖችና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች። እንደምን ሰነበታችሁ?

እርስ በርስ የምትማማሩበት ቡድን ለማቋቋም ማሰባችሁ ደግ ነው። ነገሩ ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ የአብነት ተማሪዎች ከየኔታ የሰሙትን ተሰብስበው ይቀጽላሉ (በጋራ ይከልሳሉ)፣ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያነሣለታል። ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ይህን በዓመት መርሐ ግብር መልክ ካስያዙት አንዱ በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የጀመረው በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አባላቱ ከ8 እስከ 12 ይሁኑ። ከ6 ካነሱ ሁለት ሰው በቀረ ቀን ወንበሩ ይሳሳል፤ ከ12 ካለፉ ሦስት ሰው ይናገራል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ከአንድ ትምህርት ክፍል ከሁለት ሰው በላይ አትውሰዱ። የነርሲንግ መምህር ለኢኮኖሚክስ መምህር ሲያስረዳ ሁሉንም ከሥር ጀምሮ መግለጽ ይገደዳል፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲልና ጤና ሳይንስ ካምፓስ ተራ በተራ ያስተናግዱ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ግን አባል አይሁን። እሱ በተቀመጠበት ድክመቱን የሚያወጣ ሰው የለም፣ ውይይቱም ወዲያው ግምገማ ይሆናል።

በየሦስት ሳምንቱ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:30 እስከ 10:00 ተገናኙ። ዓርብ ከሰዓት የጁምዓ ሰላት አለ። ጥምቀት ያለበትን ሳምንትና የፈተና ሰሞን ዝለሉ፤ ጥር 11 አካባቢ ጎንደር ውስጥ ሰው ለስብሰባ አይገኝም። ሐኪሞች ካሏችሁ የዱቲ ፕሮግራማቸው ሳይወጣ ቀን አትቁረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ ቡድን የሚሞተው ጊዜ ጠፍቶ ነው ይባላል፤ እኔ አልስማማም። የሚሞተው ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ነገር ስለሚጠፋ ነው። ሰው በፓወር ፖይንት «ስለ ማስተማር ዘዴ» ሌላውን ማስተማር ሲጀምር፣ በሦስተኛው ስብሰባ ግማሹ ወንበር ባዶ ይሆናል። አቅራቢው አንድ ያልሠራለትን ነገር ይዞ ይምጣ፦ ስማቸው የተሸፈነ ሦስት የፈተና ወረቀቶች፣ ተማሪ ያላጠናቀቀው የላብራቶሪ መመሪያ፣ ወይም አንባቢ የማይጠቀምበት የመጻሕፍት ካታሎግ። እሱ 15 ደቂቃ ያስረዳል። ለ10 ደቂቃ ያልገባውን ነገር ለማጥራት የሚረዳ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፤ «ለምን እንዲህ አላደረግህም?» የሚለው ጥያቄ መስሎ የመጣ ምክር ነውና ሰብሳቢው ያቁመው። ከዚያ 30 ደቂቃ ሌሎቹ ሲወያዩ አቅራቢው ዝም ብሎ ይጽፋል። ይህ ዝምታ ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ መከላከል ይቀናናል። ግን ከመልስ ይልቅ መስማት የሚገኘው በዚህ ብቻ ነው። በቀሪው ጊዜ አቅራቢው ምን እንደሚሞክር ይናገራል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያም የሆነውን ይናገራል።

ለመጀመሪያው ስብሰባ የፈተና ጥያቄ ምረጡ፤ ቁጥር ስላለው ክርክሩ ሰው ላይ አይወርድም። 60 ተማሪ ከተፈተነ ወረቀቱን በውጤት ቅደም ተከተል ደርድሩና ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታች 27 በመቶውን ለዩ፤ ይህ 16፣ 16 ወረቀት ነው። አንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ 12፣ ከታችኞቹ 11 በትክክል ከመለሱት፣ ልዩነቱ 1 ለ16 ሲካፈል 0.06 ገደማ ነው። ጎበዙንና ደካማውን አልለየም ማለት ነው። 0.3 እና ከዚያ በላይ ደህና ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወረደ መልሱ በስህተት ተመዝግቦ እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ተማሪው ላይ ሳይሆን መልስ ቁልፉ ላይ ይገኛል። ቀጥሎ የጥያቄውን እንግሊዝኛ ተመልከቱ። «የማይሆነው የትኛው ነው?» ዓይነት ጥያቄ ትምህርቱን የሚያውቀውን ተማሪ በቋንቋ ይጥለዋል።

ክፍል መጎብኘት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም በባለቤቱ ግብዣ። ጎብኚው የሚያየውን አንድ ነገር አስቀድመው ይስማሙ፤ ለምሳሌ ከኋላ ወንበር ስንት ተማሪ እንደተጠየቀ። ማስታወሻው ለባለቤቱ ይሰጣል እንጂ ለዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘና አይውልም። አንድ ጊዜ ከዋለ ቡድኑ አበቃለት።

አበል አትጠይቁ። አበል የሰበሰበው ሰው አበሉ በቆመ ማግስት ይበተናል፤ ሻይና ቆሎ በተራ ይበቃል። ቴሌግራም ቀን ለማስታወስ ይጠቅማል፣ ለውይይት ግን አትመኑት፤ እዚያ ስህተቱን የሚያወጣ የለም፣ ስክሪንሾት አለና። ቃለ ጉባኤ ሦስት መስመር ይሁን፦ ማን አቀረበ፣ ምን ሊሞከር ታሰበ፣ ቀጣዩ ቀን መቼ ነው።

ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ለቀረ አባል በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ ደውሉለት። ምክንያቱ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ቴዳ የሚመጣው ሰርቪስ ከሆነ ሰዓቱን ቀይሩ፤ ጉዳዩ ከሰለቸው ግን ያለ ቅሬታ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ።