"ፍቅር"ን ለማስቆጠር "ፍቅ" ብለህ ፈልግ

"ፍቅር እስከ መቃብር"ን ቃላት ፈልጎ በሚቆጥረው ፕሮግራም፣ አንትኮንክ ላይ ጭነህ "ፍቅር" የሚለው ቃል የተበታተነብህ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አይደለም። "በፍቅር"፣ "የፍቅር"፣ "ፍቅሩን" ለእሱ የተለያዩ ቃላት ናቸው።

1. መፈለጊያው ላይ *ፍቅ* ብለህ ጻፍ። ኮከቧ ከፊትም ከኋላም ትግባ። *ፍቅር* ካልክ "ፍቅሩ"ና "ፍቅሯ" ያመልጡሃል፤ "ር" እና "ሩ" ለኮምፒውተሩ የማይገናኙ ፊደላት ናቸው።

2. ግሱን ለብቻው ፈልግ። *ፈቅ* ስትል "ያፈቅራል" ይመጣል፣ "ፈቅዶ"ም አብሮ ይመጣል። እሱን በዓይንህ ለይተህ አውጣ።

3. የፋይሉን ቅጂ ያዝና ሠን በሰ፣ ሐንና ኀን በሀ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ከነሰባት ድምፃቸው ተካ። አለበለዚያ "ሥራ" እና "ስራ" ለየብቻ ይቆጠራሉ።

ቁጥሩን ካገኘህ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ከግራና ቀኙ ጋር አንብብ። ጭብጡ ያለው እዚያ ነው። በዛብህ ሲናገርና ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ በቃሉ ዙሪያ ምን ምን እንደሚመጣ አወዳድር። ጉዱ ካሳ ላይ ግን ቆጠራ ብቻውን ብዙም አይረዳህም፤ የሚተቸውን ነገር ሁልጊዜ በስሙ አይጠራውም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ጽሑፉን ያገኘኸው ከስካን ከሆነ የመጽሐፉ ርዕስ በየገጹ አናት ተደግሞ ሊሆን ይችላል። እኔ በሌላ ልብ ወለድ ላይ ይህን ሳላይ ቀርቼ የሁለት ሳምንት ሥራዬን እንደገና ጀምሬያለሁ። ሌላውን ሁሉ ከመንካትህ በፊት እነዚያን መስመሮች አጥፋ።